የዛፍ ሚና በሐበሻ የስቴት ፓርክ ሽርሽር

ስለ አሜሪካ ስቴት ፓርኮች የሚጻፈው ሁሉ ስለ ዛፍ፣ ስለ ወፍና ስለ እግር መንገድ ነው። ስለ ዶሮ ወጥ የተጻፈ የለም። ክፍተቱ እስከ ዛሬ ሳይሞላ የቀረው ርእሱ ለጥናት የማይበቃ ሆኖ ሳይሆን፣ ሊያጠና የሚችለው ሰው ሁሉ ሲበላ ስለሚውል ነው። ይህ አጥኚም ከዚያው ወገን ነው፤ በጉርሻና በጉርሻ መካከል ያየውን ግን እነሆ ያቀርባል።

የጥናቱ ቦታ ከዋሽንግተን ዲሲ 60 ማይል ገደማ ርቆ፣ ቱርሞንት በምትባል ትንሽ የሜሪላንድ ከተማ አጠገብ ያለው ካኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የተነሳ ሰው በ270 ወጥቶ፣ ፍሬድሪክን አልፎ፣ በ15 ቁጥር ይደርሳል። ተራራ አለ፣ ሐይቅ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ማንም መጥቶ የሚያነድበት የብረት ግሪልም አለ። መላ ምታችን አጭር ነው፦ ከነዚህ ውስጥ ለሽርሽሩ የግድ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ቀን መቁረጥ ያስፈልጋል፤ ይህም ከሚመስለው በላይ ይከብዳል። የአሜሪካ በጋ ሦስት ወር ነው ቢባልም፣ ጿሚ ቤተሰብ ዘንድ ሲደርስ ይሸበሸባል። ጁላይ 4 ምንጊዜም በሐዋርያት ጾም ውስጥ ይውላል፤ ፋሲካ የቱንም ያህል ቢዘገይ ከዚህ አያመልጥም። ጾሙ ሐምሌ 5፣ ማለትም ጁላይ 12 ይፈታል፤ ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ስለዚህ በሰኔና በነሐሴ ጾም መካከል ሥጋ በሙሉ ልብ የሚጠበስበት ዘመን አራት ሳምንት አይሞላም። የሐዋርያት ጾም «የቄስ ጾም ነው» ብሎ የሚከራከር ሰው በየቤተሰቡ አይጠፋም። ይህ ሰው ብዙውን ጊዜ ሥጋ ገዢውም እሱ ስለሆነ አስተያየቱ ከገለልተኛ ወገን እንደመጣ አይቆጠርም። ከፍልሰታ እስከ ሌበር ደይ ያሉት ቀናት ደግሞ ደብተርና ጫማ ሲገዛ ያልቃሉ።

ቀጥሎ ድርድሩ ይመጣል። ከፓርኩ ጎን በካቶክቲን ተራራ ላይ ካምፕ ዴቪድ ይገኛል። ቦታው መጀመሪያ የተሠራው የመንግሥት ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው እንዲዝናኑበት ነበር፤ በ1942 ሩዝቬልት ለራሳቸው ወሰዱት። በ1978 ካርተር፣ ሳዳትና ቤጊን እዚያው 13 ቀን ተቀምጠው ግብፅንና እስራኤልን ወደ ሰላም አደረሱ። ይህን ያነሳነው ለንጽጽር ብቻ ነው። ማን ዶሮ ወጥ፣ ማን እንጀራ፣ ማን በረዶ ያምጣ በሚል በቤተሰቡ የዋትሳፕ ግሩፕ የተጀመረው ንግግር 13ኛውን ቀን ካለፈ ቆይቷል፤ ካርተርም አልነበሩበትም። ሁሉም «እኔ የምችለውን አመጣለሁ» ብሎ ተስማማ። በዕለቱ ዶሮ ወጥ ከአራት ቤት መጣ። በረዶ ከማንም አልመጣም።

መነሻው «ጠዋት ስምንት ሰዓት፣ በፈረንጅ» ተብሎ ይወሰናል፤ በፈረንጅ የሚለው የተጨመረው ጉዳዩ የምር መሆኑን ለማሳየት ነው። በበጋ ቅዳሜና እሁድ የፓርኩ መኪና ማቆሚያ ሲሞላ በሩ ይዘጋል፤ ሬንጀሩም ለማንም አይከፍትም። በዚህ ሕግ የተነሳ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ቀደምት ሰው ተፈጥሯል። ብዙውን ጊዜ አዲስ ያገባ አማች ነው። ገና ሲነጋ ብቻውን ተነድቶ ይላክና፣ አንድ ሙሉ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ አንድ ጠርሙስ ኬቻፕ አስቀምጦ፣ ግዛቱን እየጠበቀ ለሰዓታት ይቀመጣል። ሌሎቹ በዚያን ጊዜ ገና ሽንኩርት ላይ ናቸው። ከሌላ ስቴት ለሚመጣ የመግቢያው ዋጋ ከፍ ስለሚል፣ የቨርጂኒያ ዘመዶች በሜሪላንድ ታርጋ መኪና ተጠጋግተው የሚገቡበት ሥርዓትም አለ። ቁጠባው እዚህ ግባ የሚባል ባይሆንም የተገኘው ጨዋታ ቀላል አይደለም።

ቦታ የሚመረጠው በሦስት መለኪያ ነው፦ ለመኪናው ቅርብ፣ ለመጸዳጃው ቅርብ፣ ከሌላ ሐበሻ ራቅ ያለ። ሦስተኛው ተሳክቶ አይተን አናውቅም። ዛፍ በመለኪያው ውስጥ የሚገባው ጥላ በመስጠት ነው፤ ይህንንም ሥራ ድንኳን ይሠራዋል፤ ድንኳን ደግሞ ይዘን መጥተናል።

እዚህ ላይ ስለ ከሰል ጥቂት ታሪክ ያስፈልጋል። ዛሬ በደን የተሸፈነው ይህ ተራራ በከሰል ምክንያት የተራቆተበት ዘመን ነበር። ከሥሩ በ1776 የተተከለው የካቶክቲን የብረት ማቅለጫ እስከ 1903 ሠርቷል፤ ለብዙ ዘመን የሚነደውም የእንጨት ከሰል ነበር። ከሰል አክሳዮቹ ክምራቸውን ያቆሙባቸው ደልዳላ ቦታዎች አሁንም ጫካው ውስጥ ይታያሉ። በ1930ዎቹ የፌዴራል መንግሥት መሬቱን ገዝቶ እንዲያገግም አደረገ፤ በ1954 ወደ 5,000 ኤከር የሚጠጋውን ለሜሪላንድ ሰጠ፤ ስቴት ፓርኩ የተወለደው ከዚህ ነው። ዛፉ ተመልሶ ከበቀለ በኋላ የጎደለውን ከሰል ሐበሻ በከረጢት እያመጣ መተካት ጀመረ።

ከማቅለጫው ሠራተኞች ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ነበሩ። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ከመቃብራቸው ከተገኙ 27 ሰዎች አፅም ዲኤንኤ ወስዶ፣ ከ41,000 የሚበልጡ በሕይወት ያሉ ዘመዶች አገኘላቸው። በዚህ ተራራ እሳት አጠገብ የዋለው የመጀመሪያው የአፍሪካ ቤተሰብ የእኛ አይደለም ማለት ነው። ይህ አንቀጽ ለሽሙጥ አይመችም፤ ወደ ሥጋው እንመለስ።

ሥጋው ገና አልበሰለም። ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ፍም ሳይሆን ጥብስ አይጣድም የሚሉ አንድ አጎት እና ልጆች ርቧቸዋል የምትል አንዲት አክስት እየተከራከሩ ነው። ልጆቹ ሆትዶግ በልተው ከጠገቡ ቆይተዋል።

ለልጅ ልጃቸው ምርቃት ከአዲስ አበባ የመጡ አንዲት እናት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጫካውን ያያሉ። በቡድኑ ውስጥ ጫካውን በትኩረት ያየ ሰው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ምስክርነታቸውን መዝግበናል። ያዩት ዛፉን ሳይሆን መሬት ላይ የወደቀውን ነው።

«ይሄ ሁሉ ጭራሮ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም እማዬ። መልቀም ክልክል ነው።»

«ታዲያ ይሄ እንጨት ከየት መጣ?»

«ገዝተን ነው፤ በር ላይ።»

እናትየው በገንዘብ የተገዛውን እንጨት አዩ፤ ጫካውን አዩ። ከቤት እንጨት ይዞ መምጣትም እንደማይወደድ፣ ከእስያ የገባ ዛፍ ቦርቧሪ ጥንዚዛ በማገዶ ተሳፍሮ ከቦታ ቦታ እንደሚዛመት ተብራራላቸው። አልረኩም። በመጨረሻ ልጃቸው «የመንግሥት ነው» ሲላቸው «እንዲህ በለኛ!» ብለው ጥያቄያቸውን ተዉት።

ካቢን ተከራይተው ለሚያድሩት ቤተሰቦች ሌላ ጉዳይ አለ። በእነዚህ ተራሮች ጥቁር ድብ ይኖራል፤ ስለዚህ ማታ ምግብ ውጭ አይተውም፣ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። አንድ ጊዜ እኛም ባደርን ጊዜ ዶሮ ወጡ ቫን ውስጥ አደረ። ድብ ለመከላከል በቆርቆሮ የሚሸጠው ርጭት ዋና ቅመሙ ካፕሳይሲን ነው፤ በርበሬን የሚያቃጥለውም ይኸው ነው። ከዚህ ተነስተን ቫኑ ከፓርኩ ሁሉ ይበልጥ የተጠበቀ ስፍራ ነበር ለማለት እንደፍራለን። ድብ አልመጣም። የቫኑ ወንበሮች ግን እስከ ገና ቁሌት ቁሌት ይሉ ነበር።

ከምሳ በኋላ ወደ ፏፏቴው ይኬዳል። 78 ጫማ ከፍታ አለው፤ ከሐይቁ ወገን የሚያደርሰው አጭሩ መንገድ ግማሽ ማይል ነው። ከተነሱት መካከል በሀገር ልብስና በተረከዝ ጫማ የሄዱ ነበሩ፤ ደርሰዋልም። ፏፏቴው ሥር ሦስት ዓይነት ፎቶ ይነሳል፦ ሴቶች ብቻ፣ ወንዶች ብቻ፣ ሁሉም። ውኃው በአንዱም ላይ በቅጡ አይታይም፤ ፊት ለፊቱ የአጎት ልጆች ቆመውበታል። ስለ ፏፏቴው ከዚህ በላይ የምንለው የለም።

ቡናው ግን ሰፊ ነው። ረከቦት፣ ሲኒ፣ ጀበና፣ ማጨሻ፣ ፈንዲሻ፣ ሁሉም ከቤት መጥቷል፤ የጎደለው ጉዝጓዝ ብቻ ነው። አንዲት እህት ጫካው ጥግ ሄዳ የሚያብረቀርቅ ለምለም ቅጠል ልትለቅም ጎንበስ ስትል የስምንት ዓመት ልጇ ጮኸባት። ቅጠሉ ሦስት ሦስት ሆኖ የበቀለ ፖይዝን አይቪ ነበር፤ ቆዳ የነካ እንደሆነ ለሳምንታት ያሳክካል። ልጁ ይህን ትምህርት ቤት ተምሯል። በዕለቱ የዕፅዋት እውቀት ሥራ ላይ ሲውል የታየው ይህ አንድ ጊዜ ነው። በጉዝጓዙ ፋንታ አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍ ተዘረጋ፤ እሱም ከቤት መጥቶ ነበር።

ዕጣኑ ሲጨስ ሬንጀር መጣች። ምን እየነደደ እንደሆነ ጠየቀች፤ ተነገራት። ቁጭ በይ ተባለች፤ ሥራ ላይ ነኝ አለች። ፈንዲሻ በወረቀት ተቋጥሮ ተሰጣት። ከዚያ ፓርኩ ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚዘጋ አስታወሰችን። ቡናው ገና ቶና ላይ ነበር፤ በረካ ሳይደርስ መነሣት ደግሞ ነውር ነው። በሬንጀሯና በጀበናው መካከል የተፈጠረውን የሥልጣን ጥያቄ የሜሪላንድ ሕግ በግልጽ አልመለሰውም። በረካው ተጠጣ።

በሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች መዝናኛ ሥፍራዎች የቆሻሻ በርሜል አይቀመጥም፤ ያመጣኸውን ይዘህ ትመለሳለህ። አጥንቱ፣ ፎይሉ፣ አመዱና ያልተነካው አራተኛ ዶሮ ወጥ ወደ ቫኑ ተመለሱ። ስንብቱ መኪና ማቆሚያው ላይ ቀጠለ። በዚህ መሐል አንድ አማች፣ ያው ኬቻፕ ጠባቂው፣ የዚህን ጥናት ግኝት ሳያነብ ደረሰበትና ሐሳብ አቀረበ፦ ሁሉም ነገር ከቤት ከመጣና ወደ ቤት ከተመለሰ፣ የሚቀጥለውን እኔ ጓሮ ለምን አናደርገውም? ግሪል አለኝ፣ መጸዳጃው ቅርብ ነው፣ በር የሚዘጋብን የለም፣ ሁለት ዛፍም አለኝ።

ዝም ተባለ። ከዚያ እናትየው ከመኪናው መስኮት ብቅ አሉ።

«ሁለት ዛፍ?» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ሐሳቡ ወደቀ።