ስለ «ዝምታ ወርቅ ነው» የቀረበ መጠነኛ ጥናት

የዚህ ጥናት ርእሰ ጉዳይ በጌጃ ሰፈር በአንድ የእድር ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ የሚኖር፣ ራሱን «ዝምታ ወርቅ ነው» ብሎ የሰየመ ፍጡር ነው። ፕሮፋይሉ ላይ የአንበሳ ፎቶ አለ። ስልክ ቁጥሩ አይታይም፤ ግሩፑ ውስጥ ማን እንዳስገባውም የሚያስታውስ አልተገኘም። ቀን ቀን ድምፁ አይሰማም። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ግን ስለ እድሩ ድንኳን መቀደድ፣ ስለ ገንዘብ ያዥዋ አዲስ ጫማ፣ ስለ ጸሐፊው ሚስት የትውልድ አገር እየነቀሰ ይጽፋል። ከግሩፑ አባላት መካከል የእሱን ያህል የጻፈ የለም።

የጥናቱ ዘዴ ማንበብና ቡና መጠጣት ነው። ወጪውን የሸፈኑት ቡናውን ያፈሉ ጎረቤቶች ናቸው። የጥቅም ግጭት አልተከሰተም፤ ቁርሱ ፈንዲሻ ብቻ ነበር።

ስምን ደብቆ መሳደብ ከኢንተርኔት ጋር የመጣ ነው የሚሉ ምሁራን አሉ። እነዚህ ሰዎች የዩኒቨርሲቲ ሽንት ቤት ገብተው አያውቁም ማለት ነው። የገባ ሁሉ በሩ ላይ የተጻፈውን፣ ከሥሩ የተሰጠውን መልስ፣ ከመልሱ ሥር ደግሞ በሌላ እስክሪብቶ የመላሹ እናት የተሰደበችበትን ያስታውሳል። የመሥሪያ ቤት የአስተያየት መስጫ ሳጥንም የዚሁ ወገን ነው፤ ቁልፉ ጠፍቶ ስለሚኖር ግን ማንንም ጎድቶ አያውቅም። በደርግ ጊዜ የነበረው ጥቆማ ይነበብ ነበር። ስለዚያ ዕድሜያቸው የደረሰ ሰዎች ሲጠየቁ ቡናው ይድገም አሉ።

አያቶቻችን ላልታወቀ ጥፋተኛ አፈርሳታ ነበራቸው። ጥፋቱን የሠራው ሰው እስኪነገር የአካባቢው ሕዝብ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ይቆያል፤ እርሻ አለብኝ፣ ከብቴ አልጠጣም ማለት አይሠራም። የአፈርሳታ ችግር ጥፋተኛውን የሚያውቅ ማጣት አልነበረም፤ የሚናገር ማጣት እንጂ። የጌጃ ሰፈርም ችግር ከዚህ አላለፈም።

«ዝምታ ወርቅ ነው» ማን እንደሆነ ሰፈሩ ካወቀ ቆይቷል። አንደኛ፣ ሲሳደብ ፊደል አይሳሳትም። «ሐሜት»ን በሐመሩ ሐ፣ «ኃጢአት»ን በብዙኃኑ ኀ እየለየ የሚጽፍ፣ «ሌባ» ካለ በኋላ አራት ነጥብ የማይረሳ ሰው በሰፈሩ አንድ ብቻ ነው፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስማቸውን ለሳይንሳዊ ጨዋነት ሲባል ጋሽ እገሌ ብለነዋል። ሁለተኛ፣ በእሳቸው ቤት በኩል ያለው መስመር መብራት ሲጠፋበት ዋይፋዩም አብሮ ስለሚጠፋ፣ አንበሳው መብራቱ እስኪመጣ ድረስ ዝም ይላል። እሑድም ከቅዳሴ በፊት ጽፎ አያውቅም። እነዚህ ሁሉ ባይኖሩ እንኳ አንድ ሌሊት የደረሰው ይበቃል፦ «ዝምታ ወርቅ ነው» ለ«ዝምታ ወርቅ ነው» «ልክ ብለሃል ወንድሜ፣ በርታ» ሲል መለሰ። አካውንት መቀየር ረስቶ ነው። ወዲያው አጠፋው፤ ስለ ማጥፋቱ ወደ በኋላ እንመለሳለን።

በማግስቱ ጋሽ እገሌ ከዳቦ ቤት ሲመለሱ ገንዘብ ያዥዋን አገኟቸው። «የዚህ ሰውዬ ነገር አይገርምዎትም?» አሏቸው። «ይገርማል ጋሼ፤ እግዜር ይይለት» አሉ ሴትየዋ፤ ስለ ወገባቸው ሕመምም ጠየቋቸው። ጋሽ እገሌን ከቴሌግራም የበለጠ የደበቃቸው ይሉኝታ ነው፤ ይህን አገልግሎት ደግሞ እስካሁን የትኛውም ኩባንያ ሊሠራው አልቻለም።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። ቴሌግራም ላኪው የጻፈውን ከሁሉም ስልክ ላይ እንዲያጠፋ ይፈቅዳል፤ ምልክት እንኳ አይተውም። ጋሽ እገሌ በዚህ ይተማመናሉ። ያልቆጠሩት ነገር ቢኖር ከሰፈሩ ከወጡ ብዙ ዘመን የሆናቸውን፣ የእድር መዋጮ ግን አቋርጠው የማያውቁትን የቨርጂኒያዋን እትዬን ነው። ጌጃ ሰፈር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ሲያንኮራፋ ቨርጂኒያ ገና ከሥራ መውጫው ነው። እትዬ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ያነባሉ፤ ስክሪንሾት ያነሳሉ፤ ለእህታቸው ይልካሉ። ጠዋት ተጸጽቶ ለሚያጠፋ ሰው የሰዓት ልዩነት ምሕረት የለውም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታ ለ1 ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። የእትዬ ስልክ የጊዜ ገደብ የለበትም።

ከስልክ ወደ ወረቀት ያለው መንገድም አጭር ነው። የልደታው ፍርድ ቤት ከሰፈሩ በእግር የሚደረስ ሲሆን፣ ፍርድ ቤት ባለበት ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። በሌሊት በንዴት የተጻፈ፣ ንጋት ላይ የጠፋ ነገር እዚያ በኤ4 ወረቀት በከለር ታትሞ፣ አባሪ ተብሎ ከማመልከቻ ጋር ይያያዛል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስቀምጣል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከተፈጸመ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይሄዳል። የአንበሳው ተከታይ የእድሩ አባል ብቻ ስለሆነ፣ የጸሐፊውን ሚስት አገር ሲያነሳ በዝቅተኛው እርከን ላይ ይገኛል።

ይሁን እንጂ በተግባር ቅጣት በቶሎ የሚያገኘው ስሙን የጻፈው ነው። የሰማያዊ ፓርቲ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የነበረው ዮናታን ተስፋዬ ፌስቡክ ላይ በገዛ ስሙ መንግሥትን ተቸ፤ ጽሑፎቹ ማስረጃ ሆነውበት በ2009 ዓ.ም. 6 ዓመት ከ6 ወር ተፈረደበት። መርማሪ ማንነቱን ፍለጋ አልደከመም፤ ፎቶው ከጽሑፉ ጎን ነበር። ከዚህ የሚያገኘው ትምህርት ያለ ሰው አንበሳ ቢለጥፍ የሚያስደንቅ አይደለም።

ጥናቱ ያገኘው ዋና ነገር ግን ይህ ነው፦ ስሙን የሚደብቅ ሰው የሌላውን ስም አይደብቅም። አንበሳው ስለ ራሱ አንድ ፊደል ሳይተነፍስ የገንዘብ ያዥዋን ስም ከነአባታቸው፣ ቤታቸውን ከነበሩ ቀለም ይጽፋል። ጌጃ ሰፈር ውስጥ ይህ እዚያው ይቀራል፤ ሴትየዋን ሁሉም ያውቃቸዋል፣ ጫማውንም ልጃቸው እንደላከላቸው ያውቃል።

የማያውቅ ሰው ሲያነበው ሌላ ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስማቸው፣ ፎቶግራፋቸው፣ የሚሠሩበትና የሚኖሩበት ቦታ በማንነታቸው ላይ ከተነዛ ውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ወጣ። ቤተሰቡ ለኩባንያው አመለከተ። ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጅ በጥይት ተገደሉ። ከጽሑፎቹ ስለ አንዱ መልስ የመጣው ከሞቱ በኋላ ነው። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ በሙሉ ስማቸውና በአድራሻቸው የሚታወቁት ሟቹ ናቸው።

የእድሩ ሊቀ መንበር ይህን ሰምተው ይሁን ወይም በድንኳኑ ነገር ተሰላችተው፣ በሙሉ ስሙና በጉርድ ፎቶግራፉ ያልገባ ሰው ከግሩፑ ይውጣ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። መጀመሪያ የደገፈው «ዝምታ ወርቅ ነው» ሆነ። «ስማቸውን የሚደብቁ ሰዎች ፈሪዎችና የኅብረተሰብ ጠንቆች ናቸው።» ብሎ ጻፈ፤ አራት ነጥቡም በቦታው ነው። ቀጥሎ የሚጠረጥራቸውን ሰዎች ስም ዘረዘረ። ጋሽ እገሌን፣ ጥርጣሬ ለማስቀየስ ይመስላል፣ ሦስተኛ ላይ አስገብቷቸዋል።

ጠዋት ጋሽ እገሌ በእውነተኛ ስማቸው መልስ ሰጡ፦ «ስሜን በሐሰት ያጠፋውን ግለሰብ ልደታ ፍርድ ቤት እንደማቆመው ይታወቅልኝ።»

ግሩፑ በሙሉ ላይክ አደረገላቸው።