ድምፅ አለ፣ ምስል የለም

በየዘመዱ ቤት አንድ የተሾመ ሰው አለ። ሹመቱ በደብዳቤ አይደርሰውም፣ ደሞዝም የለውም። አንድ ቀን የአክስቱን ስልክ ሰዓት አስተካክሎ ይሰጣል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በቤተሰቡ ውስጥ ገመድ ያለው፣ ባትሪ የሚበላ፣ መብራት የሚያበራ ነገር ሁሉ የእሱ ጉዳይ ይሆናል። በእኛ ዘመዶች መካከል ይህ ሹመት የወደቀው እኔ ላይ ነው። ሥራዬ ጽሑፍ ማረም መሆኑን ደጋግሜ ብናገርም የሚሰማኝ የለም። «በኮምፒውተር አይደል የምታርመው?» ይሉኛል። ነው። «ታዲያ!»

ትልቁ ጉዳይ የመጣው ከአጎቴ ቤት ነው። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። ልጃቸው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዳረች። እሳቸው መሄድ ስላልቻሉ ሠርጉ በፍላሽ መጣላቸው፤ መንገደኛ በካልሲ ጠቅልሎ አደረሰው። ባለቤታቸው እትዬ ቡና አፈሉ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ፈንዲሻ ተበተነ። ላፕቶፑ ከቴሌቪዥኑ ጋር በገመድ ተያያዘ። ጋሼ ራሳቸው ማውሱን ይዘው ፋይሉን ከፈቱት።

እልልታው ቤቱን ሞላው። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁሉም በትዕግሥት ጠበቀ። «አሁን አሁን መግቢያውን እንዲህ ያጨልሙታል፣ ዘመናዊ አቀራረፅ ነው» ያለም ነበር። ከበሮ ተመታ፣ ተጨበጨበ፣ ሙሽሮቹ ገቡ ተባለ። ጥቁር። አንዲት ጎረቤት ዓይናቸውን እየጠረጉ «ድምጿን ሰማሁት፣ ለእኔ ይበቃኛል» አሉ። ለእትዬ ግን አልበቃቸውም። «አንተ ልጅ፣ ልጄን ምን ጋረዳት?» አሉኝ፣ የጋረድኳት እኔ ይመስል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ምክር አይጠፋም። «ፍላሹ ቫይረስ አለበት» አለ የጎረቤት ልጅ። «ገመዱን ነቅለህ መልሰህ ሰካው» አለ ሌላው። «ኤችዲ ስለሆነ ነው» ያለም አለ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ግን አላብራራም። ከሁሉ የሚያስፈራው «ፎርማት ይደረግ» ባዩ ነው። ይህ ሰው በየሰፈሩ አለ። ስልክ ቢቀዘቅዝ ፎርማት፣ ኮምፒውተር ቢዘገይ ፎርማት፣ ፕሪንተር ወረቀት ቢነክስ ፎርማት። ፍላሹ ፎርማት ቢደረግ ሠርጉ ይጠፋ ነበር። ባዶ ፍላሽ ላይ «አልከፈትም» የሚል ፋይል እንደማይኖር ግን አልክድም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፋይል ስም ኋላ የሚመጣው «ኤምፒ4» ወይም «ኤምኦቪ» የሚለው ጭራ የሚነግረን ስለ ማሸጊያው ብቻ ነው። በውስጡ ምስሉ ለብቻው፣ ድምፁም ለብቻው ተጨምቀው ተቀምጠዋል፤ የሚጨመቁበት ስልት ኮዴክ ይባላል። ማጫወቻው የድምፁን ኮዴክ አውቆ የምስሉን ካላወቀ፣ እልልታ እየሰሙ ጥቁር ማየት ነው። አይፎን ደግሞ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው) ከ2017ቱ አይኦኤስ 11 ጀምሮ፣ ከአይፎን 7 ወዲህ ባሉት ስልኮች ላይ፣ ካልተከለከለ በቀር የሚቀርፀው ኤችኢቪሲ በሚባለው ኮዴክ ነው። ይህ ኮዴክ በ2013 የጸደቀ ሲሆን፣ ከቀዳሚው ከኤች.264 ጋር ተቀራራቢ ጥራት ያለውን ምስል በግማሽ ያህል ቦታ ያስቀምጣል። ቦታ የሚተርፈው ለቀራጩ ነው፤ ጣጣው ግን ከፍላሹ ጋር ተጠቅልሎ ለተቀባዩ ይመጣል።

ከላፕቶፑ ጋር የመጣው ማጫወቻ ምስሉን ለማሳየት አንድ ተጨማሪ ነገር መግዛት እንዳለብን በትሕትና አስታወቀን። ዋጋው 0.99 ዶላር ነው። ክፍያው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በኤችኢቪሲ ላይ የፈጠራ መብት አለን የሚሉ ኩባንያዎች ብዙ ናቸው፣ ሁሉም ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። ጋሼ «አንድ ዶላር እንኳ አይሞላም!» ብለው ኪሳቸው ገቡና ብር አወጡ። ብሩን ዘርግተው ጥቂት ቆዩ። «ለማን ነው የምሰጠው?» አሉ። ሰው ሁሉ ተያየ። ከዘመዱ መካከል በዶላር የሚከፍል ካርድ ያላት ልጅቱ ብቻ ናት፣ እሷም ያለችው ጥቁሩ ስክሪን ውስጥ ነው።

ደግነቱ ቪኤልሲ አለ። በብርቱካንማው የመንገድ ምልክት፣ መንገድ ሲቆፈር በሚደረደረው ቆብ መሰል ነገር፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ታሪኩ ደስ ይለኛል። በ1990ዎቹ አጋማሽ የፓሪሱ ኤኮል ሳንትራል ተማሪዎች የግቢያቸው ኔትወርክ ለጨዋታ ዘገየባቸው። «ለጨዋታ ፈጣን ኔትወርክ ይገባልን» ብሎ አስተዳደር ፊት መቆም እንደማያዋጣ የትም አገር ያለ ተማሪ ያውቀዋል። ስለዚህ የሳተላይት ቴሌቪዥን በግቢው ኔትወርክ ለማሠራጨት የሚል የተከበረ ፕሮጀክት ይዘው ቀረቡ። ከዚያ ፕሮጀክት ነው በ1996 ቪኤልሲ የተጠነሰሰው፤ በ2001 ደግሞ ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት፣ እንዲቀይረውም ተፈቀደ። የመንገዱ ምልክትም ተማሪዎቹ ከየጎዳናው እየሰበሰቡ ወደ ክፍላቸው ያስገቡት የነበረው ነው። አብዛኞቹን ኮዴኮች ከውስጡ ይዞ ስለሚመጣ ተጨማሪ ግዙ አይልም፤ የፈረንሳይ ሕግ ሶፍትዌርን ለብቻው በፈጠራ መብት አያጥርም የሚለውም የአዘጋጆቹ መከራከሪያ ነው። ከመሪዎቹ አንዱ ዣን ባፕቲስት ኬምፍ፣ ማስታወቂያ እንዲያስገባበት በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ቀርቦለት እምቢ እንዳለ ተናግሯል። እኔ ብሆን ኖሮ የሚለውን እዚህ ላይ አልጽፍም።

ቪኤልሲ ሲከፍተው ሙሽራይቱ ታየች። አሁን እልልታው ከቤቱም ከስክሪኑም ሆነ። ግን ልጅቱ አንድ እግሯን እንዳነሳች ቆማ ቀረች። ድምፁ ቀጥሏል፣ እሷ ቆማለች። ከዚያ ድንገት ባሏን አልፋ ኬኩ አጠገብ ተገኘች። «ፈጠነች» አሉ ጋሼ። ጥፋቱ የማጫወቻው አይደለም። ኢንቴል ኤችኢቪሲን የሚፈታ ክፍል በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ በደንብ ያካተተው ከ2015ቱ ከስድስተኛው ትውልድ ጀምሮ ነው፤ የጋሼ ላፕቶፕ ከዚያ በፊት የተሠራ ስለሆነ እያንዳንዱን ምስል በጉልበቱ ብቻ ያሰላል። ቪዲዮው ደግሞ 4ኬ፣ ማለትም እጅግ ትልቅ ምስል ነው።

ያለው መንገድ ፋይሉን ወደ ኤች.264፣ ወደ አነስተኛው 720ፒ መለወጥ ነበር። ለዚህ ሃንድብሬክ የሚባል፣ ይሄም ነጻ የሆነ ፕሮግራም አለ፤ ምልክቱ አናናስና የመጠጥ ብርጭቆ ነው። ጋሼ ስክሪኑን አይተው «ቅድም የመንገድ ሥራ ነበር፣ አሁን ደግሞ መጠጥ ቤት ገባህ?» አሉኝ። ጎረቤቱ ለማግስቱ ተቀጠረ፣ ላፕቶፑ ሌሊቱን ሊሠራ ተቀመጠ፣ ሌሊት መብራት ሄደ። የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷል። ከዚህ በላይ አልተርክም። በመጨረሻ የተለወጠው ፋይል ሲከፈት ምስሉ ይፈሳል፣ ድምፁ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የካህኑ አፍ ተዘግቶ ቡራኬው ይቀጥላል። አይፎን በሴኮንድ የሚቀርፀው የምስል ብዛት ከፍ ዝቅ ስለሚል፣ ሲለወጥ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» ካልተመረጠ እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ ይችላል። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ መልሶ መለወጥ አያስፈልግም፤ ቪኤልሲ ላይ «ጄ» እና «ኬ» የሚባሉት ቁልፎች ድምፁን በ50 ሚሊሴኮንድ ያስቀድሙታል፣ ያዘገዩታል። እትዬ ግን የካህኑን አፍ ማን አይቶት! ልጃቸውን ነው የሚያዩት።

በነገራችን ላይ ግልባጩም አለ፤ ምስል አለ፣ ድምፅ የለም። ይሄ የስልክ በሽታ ነው። ፊልም በሚሞሪ አስጭናችሁ ተዋናዩ አፉን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ፣ ድምፁ ኤሲ3 ወይም ዲቲኤስ በሚባል ኮዴክ የተጨመቀ ሳይሆን አይቀርም። የፈቃድ ጉዳይ ስላለበት ብዙ የስልክ ማጫወቻዎች አይነኩትም። የስልኩ ቪኤልሲ ይከፍተዋል። ምስሉ ሲንቀጠቀጥ ወይም አረንጓዴ ሲሆን ደግሞ ኤምኤክስ ፕሌየር ላይ ኤችደብሊው እና ኤስደብሊው የሚሉ ምርጫዎች አሉ፤ አንዱ ሥራውን ለስልኩ ቺፕ፣ ሌላው ለፕሮግራሙ ይሰጣል። አንዱ እምቢ ሲል ሌላውን መሞከር ነው። ስፒከር ለማስቀየር ጥገና ቤት የሄደ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልጠራም፣ ጎረቤቴ ነው።

ለእህቴ ልጅ የጎደለው ግን ጨዋታ ነው። ስልኩ አርጅቶ አዲሶቹን ጨዋታዎች አልሸከምም ስላለው «አጎቴ፣ ያንተ ላፕቶፕ ላይ ኢሙሌተር እንጫን» ብሎ መጣ። ኢሙሌተር በኮምፒውተር ውስጥ ሙሉ ስልክ አስመስሎ የሚያቆም ፕሮግራም ነው። ብሉስታክስ አለ፣ ኤልዲፕሌየር አለ፣ ኖክስ አለ፤ ሁሉም በነጻ ይወርዳሉ፣ ሁሉም ፈጣን ነን ይላሉ። ዩቲዩብ ላይ የሚያወዳድሯቸው ልጆች የሚቀመጡበት ኮምፒውተር 32 ጊጋባይት ራም አለው። የእኔ 4 ነው ያለው። ብሉስታክስ 5 ራሱ ቢያንስ የሚጠይቀው ይህንኑ 4 ነው፣ ዊንዶውስ ደግሞ ገና ሲነሳ ብዙውን ይዞታል። በቀረው ላይ አንድሮይድን መጫን፣ በአንዲት ክፍል ቤት ደባል ከነቤተሰቡና ከነአልጋው ማስገባት ነው። ሁለቱም እንቅልፍ ያጣሉ።

ልጁ አልሰማኝም፣ ጫንነው። የቱን እንደጫንን አልናገርም። ሲነሳ «ቨርቹዋላይዜሽን ጠፍቷል» አለን። ይህ የሚበራው ከዊንዶውስ ውጭ፣ ባዮስ በሚባለው ቦታ ነው፤ ለመግባት ላፕቶፑ ገና ሲነሳ አንድ ቁልፍ መምታት ያስፈልጋል፣ ቁልፉም እንደ አምራቹ ይለያያል። ልጁ ኤፍ2ን፣ እኔ ዲሊትን ስንደበድብ ቆይተን በኤፍ10 ገባን። ኢንቴል ከሆነ ቪቲ-ኤክስ፣ ኤኤምዲ ከሆነ ኤስቪኤም የሚለውን ማብራት ነው፤ እዚያ ገብቶ ሌላ ነገር መነካካት አይበጅም። ተመልሰን ከፈትነው። የላፕቶፑ ማራገቢያ መጮህ ጀመረ፣ እናቴ ከማዕድ ቤት «ምን ጥዳችሁ ነው?» አለች። ጨዋታው መጣ። ልጁ ኳሷን መታ፤ ጎሉ የገባው እኔ ውኃ ጠጥቼ ስመለስ ነው።

በመጨረሻ የታረቅነው በስልኩ ላይ ነው። ፒፒኤስኤስፒፒ የሚባለው፣ ሄንሪክ ሪድጎርድ በ2012 ያወጣው ኢሙሌተር፣ ስልኩን ፒኤስፒ ያደርገዋል። ፒኤስፒ የ2004 የእጅ ጨዋታ ማሽን ስለሆነ ያረጀ ስልክም ይችለዋል፤ ከከበደው የምስሉን ጥራት ወደ መነሻው መመለስና አንዳንድ ምስል የሚያዘልለውን ፍሬም ስኪፕን ማብራት ነው። ኢሙሌተሩ ነጻ መሆኑ ግን ቴሌግራም ላይ የተበተነውን የጨዋታ ፋይል ሁሉ ነጻ እንደማያደርገው ለልጁ ነገርኩት። ኳስ ሜዳ ላይ ስለ ግብር የሚናገር ሰው እንደሚታየው አየኝ።

ወሬው ጋሼ ጆሮ ደረሰ። «ለእኔም ኢሙሌተር ጫንልኝ፣ ስልኬን በትልቁ ስክሪን ማየት እፈልጋለሁ» አሉ። እዚህ ላይ ቆም ልበል፤ ኢሙሌተር ከሚጠይቁኝ ዘመዶች ብዙዎቹ የሚፈልጉት ኢሙሌተር አይደለም። የሚፈልጉት የገዛ ስልካቸውን፣ ከነፎቶውና ከነመልእክቱ፣ ጎላ ብሎ ማየት ነው። ኢሙሌተር ደግሞ የሚሰጣቸው ሌላ፣ ባዶ ስልክ ነው። የባንክ መተግበሪያ ከሆነማ ብዙውን ጊዜ ኢሙሌተር ውስጥ አልከፈትም ይላል፣ ደግሞም ልክ ነው። ለጋሼ የሚያስፈልጋቸው ደህና የዩኤስቢ ገመድና «ስክሪን ኮፒ» ተብሎ የሚነበበው ነጻ ፕሮግራም ነው። ጄኒሞባይል የሚባል ኩባንያ በ2018 ያወጣው ነው፤ አሁንም ፈረንሳዮች።

እንዲሠራ ስልኩ ላይ «ቢልድ ነምበር» የሚለው ሰባት ጊዜ መነካት አለበት። ጋሼ ጣታቸውን አንስተው «ስድስት ጊዜ ቢሆንስ?» አሉ።

«አይሆንም ጋሼ።»

«ማረጋገጫህ ምንድን ነው?»

ማረጋገጫ ስላልነበረኝ ስድስት ነክተው ጠበቁ። አልሆነም። ሰባተኛውን ሲነኩ ስልኩ፣ ከአሁን ጀምሮ ዴቨሎፐር ነዎት አላቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። «ዕድሜ ልኬን ሳስተምር እንዲህ በቀላሉ የተመረቀ ተማሪ አላየሁም» አሉ። ቀጥሎ «ዩኤስቢ ዲበጊንግ» የሚለው ይበራል፤ ሥራ ሲያበቃ ግን መልሶ ማጥፋት ነው፣ የሰው ኮምፒውተር ላይ ሲሰኩት በር ሊከፍት ይችላልና።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ማጫወቻ ከሆነ ቪኤልሲ ይበቃል፣ አምስት ማጫወቻ መደርደር ምንም አይጨምርም፤ ሲወርድም ከአዘጋጁ ከቪዲዮላን ገጽ ወይም ከስልኩ መደብር ይሁን፣ ስሙን ለብሰው የሚዞሩ አሉና። ራማችሁ 4 ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ኢሙሌተር አትጫኑ። «አይፎንን በዊንዶውስ ላይ የሚያስመስል» ተብሎ የሚወርድ ነገር ካያችሁ ሽሹ።

አሜሪካና ሌላም ቦታ ያላችሁ ዘመዶቻችን ደግሞ አንድ ልለምናችሁ። ሠርግም ክርስትናም ከመቅረፃችሁ በፊት አይፎናችሁ ላይ ሴቲንግስ፣ ካሜራ፣ ፎርማትስ ገብታችሁ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ምረጡ። ፋይሉ ይተልቃል፣ ይተልቅ። በፋት32 የተዘጋጀ ፍላሽ ግን ከ4 ጊጋባይት የበለጠ ነጠላ ፋይል ስለማይቀበል ኤክስፋት አድርጉት። «ፎርማት ይደረግ» ባዩ ሰውዬ ትክክል የሚሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ሠርጉ ፍላሹ ላይ ሳይጫን።