የሱሉልታ ባሕር ዳርቻ፦ ከአዲሱ ገበያ በሚነሣ ታክሲ ላይ የተደረገ ጥናት

በሐሩር ደሴት ዳርቻ ቀኑን ሙሉ በመኪና መንሸራሸር የታወቀ የመዝናኛ ዓይነት ነው። መንገዱ በአንድ ወገን ተራራ፣ በሌላው ወገን ውኃ ይዞ ይጠማዘዛል፤ ተጓዡ መስኮቱን ከፍቶ ነፋስ ይቀበላል፤ ደስ ያለው ቦታ ወርዶ ፎቶ ይነሣል፤ ምሳውን ይበላል። እኛ ይህን የምናውቀው ከፎቶ ቤት መጋረጃ ላይ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ጥናታችን ጉብኝቱ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ በሚጭነው ሚኒባስ በየቀኑ እንደሚካሄድ ያስረዳል።

በመጀመሪያ ሐሩርነት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ትገኛለች፤ የሃዋይዋ ሆኖሉሉ ደግሞ 21 ላይ። ስለዚህ በሐምሌ ጠዋት ጋቢ ደርቦ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ስቦ ታክሲ የሚጠብቀው የጉለሌ ሰው ከሃዋይ ነዋሪ በ12 ዲግሪ የበለጠ የሐሩር ሰው ነው። ጥርሱ መንቀጫቀጩ የከፍታ ጉዳይ ስለሆነ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ደሴትነቱ አያከራክርም። ዳግማዊ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ አገሪቱን ደሴት ብለዋታል። የንጉሠ ነገሥት ማኅተም ያረፈበትን ነገር እኛ አንመረምርም።

አስቸጋሪው ባሕሩ ነው፤ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህማ ይበልጥ አስቸግሯል። ሆኖም ታክሲው ዳገቱን ጨርሶ የእንጦጦን ጀርባ ሲሻገር አንድ ትልቅ ነገር ይፈጸማል። ከሸንተረሩ በስተደቡብ የወደቀ ዝናብ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። በስተሰሜን የወደቀው ግን በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜድትራንያን ይደርሳል። ከዚያ ሸንተረር ወዲያ መንገድ ዳር ያቆረ ውኃ ሁሉ፣ ላም የምትጠጣውም ጭምር፣ የባሕር እጩ ነው። በክረምት የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት እጩዎቹ በብዛት ይታያሉ።

ዳርቻው ዘንባባ የለውም። በምትኩ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ግራና ቀኝ ቆሟል። በሌላው ዓለም ዳርቻ ሶምሶማ የሚሮጠው ቦርጩን ለማጥፋት ነው፤ እዚህ የሚሮጡት ለሜዳሊያ ነው። ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ መም ያሠራው እዚሁ ሱሉልታ ነው።

የባሕር ነፋስ ሰፋ ያለ ትንታኔ ይፈልጋል። ነፋሱ አለ፤ ችግሩ መግቢያ ማጣቱ ነው። አንድ ወጣት መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ቢከፍት፣ ከኋላ ወንበር «የኔ ልጅ፣ እባክህ ዝጋው፣ ይመታኛል» የሚል የእናት ድምፅ ይሰማል። ወጣቱ «እሺ እማማ» ብሎ ይዘጋል። ስለ ዋጋ፣ ስለ ትርፍ ጭነት፣ ስለ መልስ ሲነታረኩ የመጡ ተሳፋሪዎች በዚህ ነጥብ ላይ ሙሉ ስምምነት አላቸው፤ ረዳቱም ሳይቀር። በሩ ገርበብ ብሎ ሲሄድ የሚገባው ነፋስ ለምን ሰው እንደማይመታ ሕክምናው ገና ምላሽ አልሰጠበትም። መስተዋቱ በትንፋሽ ይታፈናል፤ ተሳፋሪው በእጅጌው ጠርጎ እንደ መርከብ መስኮት ያለ ክብ ቀዳዳ ይከፍታል፤ በዚያም ዳርቻውን ያያል። ሙሉው እይታ ያለው ጋቢና ነው። ጋቢና የተቀመጠው ስልኩን ያያል።

ፎቶ መነሻ ቦታዎችን የሚወስነው «ወራጅ አለ» ነው። ጉብኝቱ በሌላ ሰው ወራጅ ስለሚቆም፣ የሚታየው ብዙ ጊዜ የሌላ ሰው ቤት አጥር ነው። የባሕር ምግብን በተመለከተ ዳርቻው ላይ ቁርጥ ይቀርባል፤ በጾም ሽሮ።

የባሕሩን መሙላትና መጉደልም ተከታትለናል። ሌላው ባሕር ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለቴ ሞልቶ ሁለቴ ይጎድላል፤ የሱሉልታው ይህን ሥራ በዓመት አንዴ ይጨርሰዋል። ከሰኔ ጀምሮ ይሞላል፤ መስከረም ላይ ዳር ዳሩን አደይ አበባ ያስይዛል፤ ከጥቅምት በኋላ ወደ ኋላ ይሸሻል። የለቀቀውን ቦታ ከብቶች ይረከቡታል፤ ሣሩ ታጭዶ ይከመራል። በዚህ ወቅት ለጉብኝት የሚሄድ ሰው ባሕሩን በድርቆሽ መልክ ያገኘዋል።