ኦርጅናል ኮፒ

በዕድሜዬ ብዙ ተሰድቤያለሁ። ዱባይ፣ ካራማ ሰፈር አንድ ሰዓት ሻጭ እንደሰደበኝ ግን የሰደበኝ የለም። ደግሞ እኮ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣውም!

ካራማ ውስጥ በየሱቁ ደጃፍ የሚሰቀለው ሸሚዝና ሻንጣ ነው፤ ሰዓት የሚሸጠው በሹክሹክታ ነው። «ሐበሻ! ወንድሜ! ሮሌክስ?» አለኝ፤ አማርኛው እዚያ ላይ አለቀ። ተከተልኩት። ደረጃ ወጣን፣ የተቆለፈ በር ተከፈተ፣ ቁም ሳጥን የመሰለኝ ነገር ገፋ ሲደረግ ከኋላው ሌላ ክፍል ብቅ አለ። ሰዓት ልገዛ ሳይሆን መፈንቅለ መንግሥት ልዶልት የመጣሁ መሰለኝ።

የገረመኝ የሰውዬው ሐቀኝነት ነው። «ይሄ ኮፒ፣ ይሄ ማስተር ኮፒ፣ ይሄ ደግሞ ኦርጅናል ኮፒ» እያለ እንደ ጦር ሹማምንት በየማዕረጋቸው ደረደራቸው። ወደ ርካሹ እጄን ስሰድ ከለከለኝ። «ተው፤ የዚህ ሰከንድ ቆጣሪ ቀጭ ቀጭ ይላል። የእውነተኛው በሰከንድ 8 ጊዜ ስለሚመታ የሚንሸራተት ነው የሚመስለው። ሰው ይነቃብሃል።» የእኛ አገር ነጋዴ ቢሆን «እናቴ ትሙት፣ ኦርጅናል ነው!» ብሎ ይገላግለኝ ነበር።

በ200 ድርሃም ተስማማን። ሁለት ድፍን መቶ አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀበለና አንድ በአንድ ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጎ አያቸው። ገልብጦ ደገመ። በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረጋቸው።

ፎርጅድ እንዳይሆን ነዋ!

እኔ ሰዓቱን አምፖል ላይ አላነሳሁበትም፤ ይሉኝታ ያዘኝ። እሱን ግን ምንም አልያዘውም። አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ እንኳ የሚታየኝ ያ ወደ ላይ የተንጋጠጠ አገጩ ነበር።

ሰዓቱስ ምን ይሁን? ላድርገው ብል፣ ለመታየት የተገዛ ነገር እጅጌ ውስጥ ሲደበቅ ሊኖር ነው። ልሽጠው ብል፣ እኔም አምፖል ሊያስፈልገኝ ነው። ይዤው ጄኔቫ ብሄድ፣ የስዊዘርላንድ ጉምሩክ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ2008 ወዲህ ለግል መገልገያ የተገዛ ፎርጅድንም ይወርሳል። ስለዚህ ሐበሻ ምን እንደሚያደርገው የቸገረውን ዕቃ የሚያደርገውን አደረግኩ፦ ስጦታ ነው ብዬ ለአጎቴ ወሰድኩለት።

አጎቴ ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። አላገላበጠውም፣ ዋጋውን አልጠየቀም፣ ወደ ብርሃን አላነሳውም። ስጦታ በሰጪው ፊት አይመረመርማ! ብቻ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዘጠኝ ማለቱ ቅር ስላሰኘው፣ «መንገድ ላይ ተዛብቷል» ብሎ ወደ ሦስት መለሰው። ቀኑንም አየና ሳቀ፤ የፈረንጅ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ቀለለኝ። እውነተኛው ሮሌክስ ቀኑን 2.5 እጥፍ የሚያጎላ መስታወት አለው ይባልለታል፤ አጎቴ ቤት ግን ኦርጅናሉም ቢመጣ የሚያጎላው የተሳሳተ ቀን ነው።

ከዚያ ወዲህ የማስበው ስለ ይሉኝታ ነው። ያ ሻጭ እንደማያምነኝ ፊት ለፊት አሳየኝ። እኛ ዘመድ ከዘመድ እንዲህ አንዋረድም፤ ይሉኝታ አለን። ይሉኝታ ግን መተማመን ነው እንዴ? ሳስበው የመተማመን ማስተር ኮፒ ሳይሆን አይቀርም። ቀጭ ቀጭ አይልም፤ ሲንሸራተት ላየው ኦርጅናል ነው። አጎቴም አምኖኝ ይሁን አፍሮልኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ያን ዕለት ግን አጎቴ ሰዓቱን እጁ ላይ አሰረና ሊመርቀኝ ቆመ። ዕድሜ ሰጠኝ፣ ጤና ሰጠኝ፣ ቤቴን በልጆች ሞላው። በመጨረሻም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄ፣ አንተ ለእኔ እንዳሰብክልኝ፣ እግዜርም ልክ እንደዚሁ ያስብልህ» አለኝ።

«አሜን» ልል አፌን ስከፍት፣ ዓይኔ ጣሪያው ላይ ከተንጠለጠለው አምፖል ጋር ተገጣጠመ።