የዲሞክሪተስ ኪያር

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ዲሞክሪተስ አንድ ቀን ኪያር ገመጥ ቢያደርግ ማር ማር አለው። ጨዋታውን ያቆየልን ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ ነው። እኔና እናንተ ብንሆን «ዛሬስ ቀንቶናል» ብለን ሁለተኛውን እናነሣ ነበር። ፈላስፋው ግን ሠራተኛዋን ጠርቶ ከየት እንደገዛችው ጠየቃት። አንድ የአትክልት ቦታ ጠራችለት። ብድግ አለ፤ ቦታውን ሊያይ፣ የጣፋጭነቱን ምክንያት ከሥሩ ሊያገኝ። ሴትዮዋ ሣቋ አመለጣት። ጌታዬ አይልፉ፣ ሳላስተውል ማር የነበረበት ዕቃ ውስጥ ከትቼው ነው አለችው።

መልሱ ያለ ድካም፣ ከነማሰሮው ቀረበለት። አመሰገነ? ተቆጣ እንጂ! ጣፋጭነቱ ከራሱ ከኪያሩ የመጣ ይመስል ምርምሬን እቀጥላለሁ አላት።

ይህን ሰውዬ በየመሥሪያ ቤቱ አውቀዋለሁ። የጠፋ ቁልፍ የሚያፈላልግ ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ ሳለ የጽዳት ሠራተኛዋ «ቁልፉማ እኔ ጋ ነው» ስትል ፊቱ የሚጠቁረው እሱ ነው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ጣፋጭነት በነገሩ ውስጥ የለም ብሎ ያስተማረው ይኸው የአብዴራው ዲሞክሪተስ ነው! ከመምህሩ ከሌውኪፐስ የያዘው ትምህርት እንደሚለው በእውነት ያሉት አቶምና ባዶ ቦታ ብቻ ናቸው። ጣዕሙም ቀለሙም ሙቀቱም የእኛው አጠራር ነው። አቶሞስ በግሪክኛ «የማይቆረጥ» ማለት ነው፤ ኪያሩን ብትከትፈው ብትከትፈው መጨረሻ ላይ የማይከፈል ቅንጣት ይቀራል፣ ነው ነገሩ። ግሪካዊው ፈላስፋ ቴዎፍራስጦስ እንደዘገበው ደግሞ የጣፋጭ አቶሞች ክብና ደህና መጠን ያላቸው፣ የኮምጣጣው ማዕዘናም፣ የመራራው ትንንሽና ጎባጣ ናቸው። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቡና ያለ ስኳር በጠጣሁ ቁጥር ጎባጦቹን ጉሮሮዬ ላይ እፈልጋቸዋለሁ። የሎሚውንስ አምኜለታለሁ፤ ሎሚ በእርግጥ ይወጋል።

ማይክሮስኮፕ የለ፣ ቤተ ሙከራ የለ፤ ቁጭ ብሎ በማሰብ ብቻ እዚህ መድረሱ አይናቅም። ታላላቆቹ ግን አልወደዱለትም። ፕላቶ መጻሕፍቱን ለቅሞ ሊያቃጥል አስቦ ነበር ይባላል፤ በየሰው እጅ ገብተዋል፣ ምን ያደርግልሃል ሲሉት ተወው። አርስቶትል በበኩሉ ባዶ ቦታ ብሎ ነገር የለም አለ። ሁሉ ነገር ከአፈር፣ ከውኃ፣ ከአየርና ከእሳት ነው የሚለው ትምህርት ወንበሩን ይዞ አቶም ለብዙ መቶ ዓመታት ጥግ ላይ ተቀመጠ።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዛዊው ዳልተን አቶምን ወደ ኬሚስትሪ ሲያመጣው ስሙንም እንዳለ ወሰደው። በ1897 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ሊቁ ቶምሰን ኤሌክትሮንን አገኘና የማይቆረጠው ውስጡ ጓዝ እንዳለበት ታወቀ። በ1938 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ የዩራኒየም አስኳል ለሁለት ተሰነጠቀ። ስሙን የነካው የለም፤ እስከ ዛሬ «የማይቆረጥ» ነው። እኛ ሰፈርም ሦስት ልጅ ያደረሰ ሽበታም ሰውዬ አለ፤ ማሙሽ ነው የምንለው።

ኪያሩን ማን እንደጨረሰው ፕሉታርክ አይናገርም። እኔ ሠራተኛዋን እጠረጥራለሁ።