አቦል በፔርሙዝ

አክስቴ ክረምት መግቢያ ላይ እርጥብ ደረጃ አዳልጧት ወድቃ የጭኗ አጥንት ተሰበረ። የኦፕራሲዮን ተራዋ እስኪደርስ እግሯ ላይ ክብደት ታስሮ፣ በጀርባዋ ተንጋላ መጠበቅ ነበረባት። ሐኪሞቹን አላማም፤ ራጁ በጊዜው ተነሥቷል፣ የማስታገሻ መርፌውም በሰዓቱ ይወጋል። እኛን ያስጨነቀን ሌላ ነው፤ ምግብ እምቢ አለች። አጥሚቱ ይቀዘቅዛል፣ የዶሮ ሾርባው በምሳ ዕቃ እንደገባ ይመለሳል። ቤተ ዘመዱ በየተራ አልጋው አጠገብ ተቀምጦ "እባክሽ አንድ ጉርሻ፣ በሞቴ!" ይላል። እሷ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ያቺ ሰፈሩን በሳቅ የምታናውጥ ሴት!

አንድ ከሰዓት በኋላ ከየት እንደመጣ እንጃ የቡና ሽታ ወደ ክፍሉ ገባ። ምናልባት ነርሶቹ አፍልተው ይሆናል። አክስቴ አንገቷን ቀና አድርጋ "ማነው የሚቆላው?" አለች። ስለ ራሷ ኦፕራሲዮን እንኳ አንድ ነገር ያልጠየቀች ሰው ስለ ቡና ጠየቀች።

ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አገኘሁትና "ዶክተር፣ ቡና ይከለከላል?" አልኩት። ካርዷን አገላብጦ፣ ግፊቷ ደህና መሆኑን አይቶ፣ ለኦፕራሲዮን ጹሚ እስክትባል ድረስ ትንሽ ብትጠጣ እንደማይጎዳት ነገረኝ። ከሰልና ዕጣን ግን አይሞከርም አለ። ልክ ነው፤ ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት አይታሰብም።

የቡና ጓደኞቿ ይህን ሲሰሙ እንኳን አንድ ጀበና፣ ረከቦቱን ከነሙሉ ዕቃው ሊሸከሙ ተነሡ። ቡናው ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ፈላ። ከሰከነ በኋላ ወደ ፔርሙዝ ተገለበጠ። ፔርሙዙ በነጠላ፣ ሲኒዎቹ በጋዜጣ ተጠቀለሉ። ትልቋ እማማ ከጓሯቸው የቀጠፉትን ጤና አዳም በመቀነታቸው ጫፍ ቋጠሩ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ስንሳፈር ያካፋ ነበር፤ ትንሽ እንደሄድን ዝናቡ ወረደ። መንገዱ በጎርፍ ተሞላና ረዳቱ "ከዚህ በላይ አይሄድም፣ ውረዱ" አለን። እማማዎቹ ነጠላቸውን አናታቸው ላይ አጣፍተው በእግራቸው ቀጠሉ። አንዷን ጭቃው ሲያንሸራትታት ዘንቢሉ ከግንብ ጋር ተላትሞ ሁለት ሲኒ ተሰበረ። "እንኳን ፔርሙዙ ተረፈ!" አሉ ሁሉም ባንድ አፍ።

በሩ ላይ ጥበቃው "ባንድ ካርድ አንድ ሰው ነው" ብሎ አስቆመን። ትልቋ እማማ "ልጄ፣ የሰው ፊት የራባት ሴት ናት" ብለው ለመኑት። "እማማ፣ እኔም ታዝዤ ነው" አለ፤ ፊቱ ላይ ማዘኑ ይታያል። እነሱ ቆርቆሮው ጥላ ሥር ቀሩ፣ እኔ ፔርሙዙን ታቅፌ፣ ዘንቢሉንና ጤና አዳሙን ይዤ ገባሁ። ሊፍቱ አይሠራም። በደረጃ ወጥቼ ክፍሏ ስደርስ አልጋው ባዶ ነው። አንሶላው ተገፏል፣ ክብደቱም ገመዱም የለም።

ጉልበቴ ከዳኝ። የምታጸዳው ሴትዮ መወልወያዋን ጥላ ክንዴን ያዘችኝ። "ምነው እህቴ! ደህና ናት እኮ፣ ወደ መስኮቱ ክፍል አዛውረዋት ነው።"

እውነትም በሰፊው መስኮት አጠገብ፣ ባሕር ዛፎቹን ፊት ለፊት እያየች ተኝታለች። ክዳኑን ስከፍተው እንፋሎቱ ወጣ። ከአጠገቧ ያለችው ክንዷ በጄሶ የታሰረ ሴት "ለእኛስ?" አለች። አክስቴ በጀርባዋ እንደተኛች ታስተናግድ ጀመር፦ "ለእሷ ቅጂላት። ለማዶዋ ስኳር አብዢላት። ጤና አዳሙን መጀመሪያ ለእኔ!" የተረፉት ሲኒዎች በየአልጋው ዞሩ። የእማማዎቹን የጎርፍ ጉዞ ስተርክላቸው ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ አንዷ "ኧረ ስፌቴን!" እያለች ሆዷን ያዘች። ከዚያ አክስቴ ወደኔ ዞራ "ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን አለ?" አለች። በላች፤ ጠርጋ በላች።

የመስኮቱን ነገር ቀላል አድርጌ አላየውም። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። በፔንሲልቬንያ አንድ ሆስፒታል ሐሞት ከረጢታቸውን በኦፕራሲዮን ያስወጡ የ46 ሕመምተኞችን መዝገብ አመሳከረ። ግማሾቹ መስኮታቸው ዛፍ ያሳያል፣ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቀድመው ወደ ቤታቸው ሄዱ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያን ያህል አላስፈለጋቸውም። ስለ ሳቁም ቢሆን የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባርና ባልደረቦቹ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጽሑፍ አለ። ሰዎች አብረው ከሳቁ በኋላ ክንዳቸው በደም ግፊት መለኪያ ሲጨመቅ ወይም በበረዶ ሲያዝ ሕመሙን የበለጠ ቻሉት። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሰውነት ራሱ ከሚያመነጨው ኢንዶርፊን ጋር ያያይዙታል። ያን ዕለት ስፌቷን ይዛ የሳቀችው ሴትዮ ይህን ብትሰማ ደስ ይላት ነበር።

"ተደሰት፣ ትድናለህ" የሚል ምክር ግን አልወድም። ታማሚው ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ ያልዳነ እንደሆነ ጥፋቱን ወደ እሱ ይገፋል። የአክስቴን አጥንት ያቆመው ሐኪሞቹ ያስገቡት ብረት ነው። ቡናው ያበላት፣ ያጫወታት፣ ከኦፕራሲዮኑ በኋላም ፊዚዮቴራፒስቱ "ተነሺ" ሲላት ሕመሙን ውጣ እንድትቆም ልብ የሰጣት ነው። ይህም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ ያልበላ አካል በምን ይጠገናል? የሚቆጨኝ፣ ካርዱ ላይ ዕድሜዋ፣ ግፊቷ፣ የማይስማማት መድኃኒት ሁሉ ሲጻፍ ምን ትወዳለች ብሎ የጠየቀ አለመኖሩ ነው። ለጥያቄው አንድ መስመር ይበቃ ነበር። መልሱ ለአንዱ ቡና፣ ለአንዱ የሬዲዮ ድራማ፣ ለሌላዋ ጸጉሯን የሚሠራላት ሰው ይሆናል።

ሰሞኑን የሰፈራችን ልብስ ሰፊ በስኳር ሕመም ተኝተዋል። ማር የለ፣ ጠላ የለ፤ ቤተሰቡ ምን ይዞ እንደሚሄድ ግራ ገብቶታል። ጋሼ የሚወዱት ግን ዳማ ነው፤ ከሥራ ሲወጡ የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው በረንዳ ላይ ሲጫወቱ ያመሻሉ። ልጆቹ ቆርኪ ከየሱቁ ለቅመውላቸዋል፣ ሰሌዳው ካርቶን ላይ ተሠምሯል፣ የቅዳሜውን መግቢያ ካርድም ለዋና ተጋጣሚያቸው ሰጥተነዋል።