እማዬ፣ ያደግሁት እኔ አይደለሁም

ሊድስ፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለተወደድሽው እናቴ፤ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ካንቺ ናፍቆትና ከቀኝ ጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የጉልበቴን ነገር ኋላ እደርስበታለሁ።

አንተ ደብዳቤውን የምታነብላት ወንድሜ፣ ቀስ ብለህ አንብብ። ከራስህ አትጨምር፤ በተለይ ስለ አርሴናል ምንም አትጨምር።

እማዬ፣ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ደውዬ «እማዬ፣ ልናድግ ነው!» ብዬ መጮኼ እውነት ነው። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ አንቺም እንደ ልማድሽ ኔትወርኩን ረገምሽ። ኔትወርኩ ምስኪን ምንም አላደረገም። የሰፈሬ ቡድን ሊድስ ዩናይትድ በሜዳው ከስዋንሲ ጋር ይጫወት ነበር። 86ኛው ደቂቃ ላይ ኞንቶ የሚባል አጠር ያለ ጣሊያናዊ ልጅ አግብቶ 2 ለ 1 መራን፤ ደስታው አላስችል ብሎኝ ደወልኩልሽ። አንቺ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ አድርሰሽልኝ ሳትጨርሺ አሥር ደቂቃ አለፈና 96ኛው ላይ አገቡብን። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሰው እንደዚያ ሆኖ ከእናቱ ጋር አይነጋገርም።

አሁን ከወንድሜ እንደሰማሁት፣ በምሠራበት መጋዘን የሥራ እድገት አግኝቻለሁ፤ አርባ እንግሊዝ አዛለሁ፤ የእድሩ ዳኛ እንኳን ደስ አለዎት ብለውሻል፤ የበላያችን ጎረቤት ልጃቸውን እንድቀጥርላቸው ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አስነስተው ይጠብቃሉ። ከሁሉ የባሰው፣ «ልጄ ካደገ» ብለሽ ለቁሉቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስለሻል።

እማዬ፣ እኔ ያው ካርቶን ተሸካሚ ነኝ። ሊያድግ የሚለው ቡድኑ ነው።

«ታዲያ ‹ልናድግ ነው› ያልከው አንተ አይደለህም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ነኝ። ኳስ ወዳድ ሰው አፉ ላይ «እኛ» ይቀናዋል፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን ሰቅሎ፣ ሻይ እየጠጣ «አገባን» ይላል። ሲሸነፉ «ተሸነፉ» የሚል ብልጥም አይጠፋም፤ እዚህ ሰፈር ግን እንዲህ ያለውን ሰው ማንም በሰላም ዓይን አያየውም። የምኖረው ቢስተን ነው፣ ከኤላንድ ሮድ ስታዲየም አጠገብ። ወጥ እያማሰልኩ ጩኸቱ በወጥ ቤቱ መስኮት ይገባል። ዓመታት እንዲህ ከኖርኩ በኋላ «እኛ» ብል ምን ይገርማል?

ሊጉን ሻምፒዮንሺፕ ይሉታል። ስሙ ትልቅ ይምሰል እንጂ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያለው ሁለተኛው እርከን ነው፤ እኛ አገር «ከፍተኛ ሊግ» የምንለው ዓይነት። (ዝቅ ያለውን ከፍ አድርጎ መጥራት የነሱም የኛም አመል ነው።) 24 ቡድኖች አሉ፤ እያንዳንዱ 46 ጊዜ ይጫወታል። አንደኛና ሁለተኛ የወጡት በዋናው በር ይገባሉ። ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉት አራቱ ለቀረችው አንዲት ወንበር በጓሮ በር ይጋፋሉ። ሊድስ በጓሮው በር 6 ጊዜ ሞክሮ 6ቱንም ጊዜ ተመልሷል። አምና በ90 ነጥብ 3ኛ ወጥቶ፣ ዌምብሌይ ድረስ ሄዶ፣ በሳውዝሃምፕተን 1 ለ 0 ተሸኝቷል። እዚህ ከተማ «ሦስተኛ» የሚለው ቃል ለቅሶ ቤት ውስጥ እንደ ሳቅ ነው።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። ትናንት መጋቢት 27 እንደነበር አውቃለሁ። መድኃኔ ዓለም ነው፤ ዐቢይ ጾም ነው፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ግን የሥራ ባልደረባዬ ወገቡን ይዞት ትኬቱን ሰጠኝ፤ የሊድስ የውጪ ጨዋታ ትኬት ደግሞ እንደ ቀበሌ ቤት ነው፣ ያገኘ አይለቅም። በሌሊት ስምንት ሆነን በሚኒባስ ወደ ሉተን ወረድን። ጾሜን አልፈታሁም። እዚህ ሰው ስታዲየም የሚበላው በሥጋ የተሞላ ትኩስ ዳቦ ስለሆነ፣ ለገና የላክሽልኝን ቆሎ የመጨረሻውን በላስቲክ ቋጥሬ ይዤ ነበር። በሩ ላይ ፈታሹ ላስቲኩን ዳበሰ፣ አሸተተ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ አየ። «ገብስ ነው» አልኩና አንድ እፍኝ ፊቱ ቃምኩለት። አሳለፈኝ።

ስለ ሜዳው ልንገርሽ፤ ደስ የሚልሽ ይሄ ነው። ኬኒልወርዝ ሮድ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ የሉተን መጫወቻ ነው፤ የሚይዘው 12 ሺህ ሰው ያህል ነው። የእንግዳ ደጋፊ መግቢያው ግን የሰው ቤት ነው! እውነቴን ነው። ተደርድረው ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶች መሃል በሩን ሰርስረው፣ ከላይ መኝታ ቤት፣ ከታች መተላለፊያ አድርገውታል። በዚያ ሾልከሽ ደረጃውን ስትወጪ ከእግርሽ ሥር የሰዎች ጓሮ ይታያል። አንዷ ልብስ አስጥታለች፤ አንሶላ፣ የልጅ ካልሲ፣ የሥራ ቱታ። የሊድስ ደጋፊ ሁሉ በጩኸት ደረጃውን እየወጣ ካልሲው ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። እኔማ «ቤቶች!» ልል ምንም አልቀረኝ።

ወንበሩ ለጠባብ ሰው የተሠራ ነው፤ ጉልበቴ የተላጠው እዚያ ነው። ፊት ለፊቴ የብረት ምሰሶ ቆሟል። ስለዚህ ጨዋታውን ያየሁት በሁለት ክፍል ነው፦ ከምሰሶው ግራና ከምሰሶው ቀኝ።

ሉተን አምና ፕሪሚየር ሊግ ነበር፤ ዘንድሮ ደግሞ ወደ ሦስተኛው እርከን ላለመውረድ ግርጌው ላይ ይንፈራገጣል። ሊሰጥም ያለ ሰው ሲይዝሽ እንዴት እንደሚይዝ ታውቂያለሽ። ገና ሳንሞቅ ከምሰሶው በስተግራ አንድ ኳስ ሄደ፣ በስተቀኝ መረባችን ውስጥ ተገኘ። አይዛያ ጆንስ ነው አሉ። በረኛችን አዲስ ነበር፤ የስዋንሲው ጣጣ ካለፈ በኋላ አሠልጣኙ ዳንኤል ፋርከ ሜሊየን አስቀምጦ ዳርሎን አሰልፏል።

ከጎኔ የባልደረባዬ አባት ተቀምጠዋል፤ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ጭንቀቱ ሲበዛባቸው እጃቸው ሳያስቡት ወደ ላስቲኬ ገባ። ቆሎውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ቆም አሉ። ጥርሳቸው የተተከለ ነው። ቆረጠሙ፤ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ቆሎው ይሁን ጥርሱ አልታወቀም። እኔ ምን ብዬ ካሣ እንደምከፍል ሳስብ ሕዝቡ ተነሳ፤ የማላውቀው ወፍራም ሰው አንገቴን አቅፎ ሳመኝ። ዳንኤል ጄምስ አግብቷል! እኔ አላየሁም፤ ምሰሶው ነው ያየው። 1 ለ 1።

ሽማግሌው ቀስ ብለው ዞሩና መጀመሪያ ላስቲኩን፣ ከዚያ እኔን አዩ። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እማዬ፣ ቆሎሽ የኔ መሆኑ ቀረ። በረድፉ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ማዕዘን ምት ስናገኝ «ቆሎ!» ይባላል፤ ቅጣት ምት ሲሆን «ቆሎ!»። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ላስቲኩ ተራገፈ፤ ጨውና ገለባ ብቻ ቀረ። ከዚያ በኋላ ብንገፋ፣ ብንገፋ ኳሷ እምቢ አለች።

በመልሱ ጉዞ የሰማሁትን ሙግት ነበር በጆሮሽ ብትሰሚው። ከሉተን ሊድስ ኤም ዋን በሚሉት አውራ ጎዳና ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሦስቱም ሰዓት ሽምግልና ነበር። ሽንፈት ቢሆን አንድ ምሽት ለቅሶ ተቀምጠው ይነሳሉ፤ ድል ቢሆን ጠጥተው ይተኛሉ። አቻ ግን እንደ ውርስ ክርክር ነው፤ ማንም ፋይሉን አይዘጋውም። አንዱ «አንድ ነጥብ አገኘን» ይላል፤ ሌላው «ሁለት ነጥብ ጣልን» ይላል፤ የሚያወሩት ስለ አንድ ጨዋታ ነው። ሹፌሩ «ከሊጉ ግርጌ ያለን ቡድን ያላሸነፈ ማንን ሊያሸንፍ ነው?» እያለ መሪውን ይደበድባል። ኋላ የተቀመጠው «በዚያ ጠባብ ሜዳ፣ ለነፍሱ ከሚታገል ቡድን አንድ ነጥብ ነጥቆ መውጣት ወርቅ ነው» ይላል። አንዱ ጥፋቱን ዘግይቶ ተጫዋች በቀየረው አሠልጣኝ ላይ ይጥላል። ሽማግሌው ደግሞ የቆየ ሂሳብ ያነሳሉ፤ መስከረም ላይ በሰንደርላንድ ሜዳ 2 ለ 1 እየመራን 97ኛው ደቂቃ ላይ ኳስ ነጥራ በረኛችንን አልፋ የገባችውን። እሷን እንደ ሟች ዘመድ ነው በየሰዓቱ የሚያነሷት።

በዚያው ቅዳሜ ሼፊልድ ዩናይትድ በኦክስፎርድ 1 ለ 0 መሸነፉ ሲነሳ ደግሞ ሁሉም ባንድ አፍ «አንድ ነጥብማ ጥሩ ነው!» አሉ። በርንሌይ ኮቨንትሪን 2 ለ 1 ማሸነፉ ሲነሳ ተመልሰው «ሁለት ነጥብ ጣልን» አሉ። ያንኑ አቻ ነው እንግዲህ እንደ ጋቢ የሚገለብጡት። አሁን በርንሌይ 84፣ ሼፊልድ 83፣ እኛ 82። ሦስተኛ ነን። ቃሉን ስለጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ።

አንዲት ዝም ያለች ልጅ ብቻ ስልኳ ላይ ስትደምር ቆይታ፣ «6 ጨዋታ ቀርቶናል፤ ሁሉንም ካሸነፍን 100 ነጥብ ነው» አለች። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀባት። ሊድስ ውስጥ ተስፋ ማድረግ ነውር ነው፤ አንቺ ልጅ ሲያምር «አፈር ያስመስልህ» እንደምትይው፣ እነሱም ቡድናቸው ሲያምር «ይወድቃል» ይላሉ። ብትገናኙ ትግባቡ ነበር።

መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ፍርድ ሰጡ። ጥፋቱ የአሠልጣኙም የበረኛውም አይደለም፤ ቆሎው በማለቁ ነው። «እናትህ ስንት ኪሎ ልትልክ ትችላለች?» አሉኝ። እየቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

አንቺ አንድ ጊዜ ስለ አቻ ሳስረዳሽ «እኩል ከሆኑ ታዲያ ምን ያጣላቸዋል? ታርቀዋል ማለት ነው» ብለሽኝ ነበር። ትናንት ይህንኑ ለሹፌሩ ነገርኩት። እስከ ሊድስ ድረስ አላናገረኝም።

ይህን የሚያደርስልሽ መንገደኛ ሲመለስ እንግዲህ ሁለት ኪሎ ላኪልኝ፤ ገብሱ ይብዛ፣ ሱፍ ጨምሪበት፣ ለሽማግሌው ጥርስ ለስለስ ያለ ኑግ ቆሎም ይኑር። በሱ እጅ ነጭ፣ ሰማያዊና ቢጫ ያለው የአንገት ልብስ ልኬልሻለሁ፤ ለብርድ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈውን ወንድሜ እንዳያነብልሽ።

*

ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

እማዬ፣ መንገደኛው ጉዞውን ስላራዘመ ደብዳቤው ወር ሙሉ እኔው ጋ ተቀመጠ፤ ስለዚህ ልጨምርበት። አደግን! በፋሲካ ማግስት ስቶክ ሲቲን 6 ለ 0 አሸነፍን፤ ፒሩ የሚባለው ብቻውን ገና ከዕረፍት በፊት አራት አገባ። የዚያኑ ዕለት ማታ በርንሌይ ሼፊልድን 2 ለ 1 ሲረታ ነገሩ አለቀ፤ እኛም በርንሌይም አለፍን። ትናንት ደግሞ ፕሊመዝ ላይ 91ኛው ደቂቃ ሰለሞን የሚባል አግብቶ ዋንጫውን ወሰድን። (ሰለሞን ሲባል ያገሬ ልጅ መስሎኝ ነበር፤ እስራኤላዊ ነው።) ከሉተን በኋላ 6ቱንም አሸነፍን፤ ልጅቷ እንዳለችው ልክ 100 ነጥብ። በርንሌይም 100። በ46 ጨዋታ ከማን ጋር ብትጣላ ጥሩ ነው፣ መጨረሻው አቻ! የለየን የግብ ልዩነት ነው።

ሽማግሌው አሁን ሁለት ሐሳብ ሆነዋል። ያለ ቆሎ 6 ተከታታይ ድል ማየታቸው ትንሽ አሳፍሯቸዋል፤ ቢሆንም «ያ የሉተኑ አንድ ነጥብ ባይኖርስ? ዋንጫው የበርንሌይ ነበር፤ ያ ነጥብ ደግሞ የማን ነው? የቆሎው!» ይላሉ። አንተ ወንድሜ፣ እሳቸው ልጅ ሳሉ ሊድስ እ.ኤ.አ. በ1972 አርሴናልን 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕን መውሰዱን ላንተ እንድነግርህ አደራ ብለውኛል። ይቺን እንኳ ለእማዬ ባታነብላት አልቀየምህም።

ስለቱን የነፍስ አባትሽን ጠይቂ። «ልጄ ካደገ» ነው ያልሽው፤ እኔ ዛሬም ካርቶን ነው የምሸከመው፤ በሕጉ ከሄድን ምንም አይገባሽም። ገብርኤል ግን በስልክ የሰማሽውን እንደ ሰማሽው ተቀብሎ ፈጽሞት ከሆነ፣ ሐምሌ 19 ሩቅ አይደለም። ጃንጥላውን ስትገዢ ነጭ ካገኘሽ ነጩን ያዢ።

ናፋቂ ልጅሽ